የኸሊዳ ስምንት ደቂቃ

የሮኬቱ መነሻ ቆጠራ ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው ኸሊዳ በር አጠገብ የተቀመጠው ያዘዘውን ሻይ ወስዳ በስህተት መስኮቱ ሥር ለተቀመጠው አስቀመጠችለት። ዓይኗ ከቴሌቪዥኑ አልተነቀለም።

"ዛሬም ጎማው ተንፍሶ ይቀር ይሆን?" አለ አለባቸው። የሻይ ቤቱ ደንበኛ የሆነ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ባለፈው ማክሰኞ ሮኬቱ ነዳጅ አፍስሶ ጉዞው ስለተሰረዘ፣ ሰመራ ውስጥ ያልሳቀባት ሹፌር አልነበረም።

"አታሟርትብኝ! አራት ነፍስ ተሳፍሮበታል።"

ሰው ኳስ ይወዳል፤ ኸሊዳ ደግሞ ሮኬት። ምን ይደረግ! ከባሏ ከአህመዲን ጋር ከኮምቦልቻ መጥታ ይህችን ሻይ ቤት ከከፈተች ወዲህ፣ ሰው ይዞ ወደ ጠፈር የወጣ መንኮራኩር አንድም አላመለጣትም። የተጓዦቹን ስም ቀርቶ የልጆቻቸውን ቁጥር ታውቃለች። ሮኬቱ ምህዋር እስኪገባ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ስምንት ደቂቃዎች እስኪያልፉ ዓይን መንቀል ነውር ነው ትላለች።

እሱም የከባድ መኪና ሹፌር የሆነው አህመዲን ፔርሙዙን ይዞ ከጓዳ ወጣ።

"እታለም፣ ልሄድ ነው። ሳይመሽ ገላፊ ድንበር ልግባ።"

"በሰላም ግባ" አለችው ሳትዞር።

ለወትሮውም አትሸኘውም። ከአምስት ዓመት በፊት አስፋልቱ ዳር ቆማ እጇን አውለብልባለት ሄዶ፣ ሰርዶን እንዳለፈ መኪናው ተገልብጦ ሁለት የጎን አጥንቱ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ የእኔ ሽኝት አይበጅም ብላ እሱ ሲወጣ ከደጅ አትደርስም። አህመዲን ይህን ያውቃል። ዛሬ ግን ከፋው።

"የማታውቂያቸውን ሰዎች እስከ ሰማይ ትሸኛለሽ። እኔን እስከ በር ትነፍጊኛለሽ?" ብሎ ወጣ።

ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ቆጠራው አስር ገባ። ዘጠኝ፣ ስምንት እያለች ጮኸች፤ ቤቱ ሁሉ ተከተላት፤ አለባቸው እንኳ ሲኒውን አስቀምጦ ቆጠረ።

"ሦስት! ሁለት! አንድ!"

እሳቱ ተንቦገቦገ። ሮኬቱ መሬት የያዘው ይመስል ትንሽ ዘገየና ተነሳ።

"ተነሳ! ያ አላህ፣ ተነሳ!" ኸሊዳ ትሪውን በመዳፏ እየደለቀች ዘለለች። እንባዋ መጣ። ደስታው ደረቷ ውስጥ አልያዝ አላት።

ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ቴሌቪዥኑ የተጓዦቹን ቤተሰቦች አሳየ። የአንደኛው ሚስት እጇን አፏ ላይ ጭና ሽቅብ ታያለች። እሷም ፈርታለች፤ ፈርታም ግን ቆማለች። ኸሊዳ አፈረች።

ውጭ የአህመዲን መኪና ሞተር ተነሳ።

"አለባቸው፣ እስከ ስምንተኛው ደቂቃ አንተ እይልኝ።"

"ወዴት ነው? ገና አምስት ደቂቃ ይቀራል እኮ!"

"እይልኝ አልኩህ!"

ትሪውን ጥላ እየሮጠች አስፋልቱ ዳር ደረሰች። መኪናው መንቀሳቀስ ጀምሯል። እጇን አንስታ አውለበለበችለት። አህመዲን በስፖኪዮ መስታወቱ ሳያያት አልቀረም፣ ክላክሱን ረዘም አድርጎ ነፋ። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ሜዳው ገላጣ ስለሆነ መኪናው ቶሎ አልጠፋም፤ እያነሰ ብቻ ሄደ።

ከጀርባዋ ጭብጨባ ተሰማ። አለባቸው በሩ ላይ ብቅ አለ።

"ኸሊዳ! ስምንት ደቂቃው ሞላ! በሰላም ወጡልሽ! ነይ እንጂ፣ እያሳዩዋቸው ነው!"

"አልሃምዱሊላህ" አለች፣ ሳትዞር፣ እጇንም ሳታወርድ። "የእኔው ገና ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ነው።"