ምሥራቅ የተዋሰችው ነብር

ምሥራቅ በሰው አገር፣ ኪሌሌሽዋ በሚባል ሰፈር ምግብ ቤት ከከፈተች ሦስት ዓመቷ ነው። በእነዚህ ሦስት ዓመታት መብራት መጥፋቱም ሆነ ክፉ ደንበኛ እንደ ጋሽ ባንታየሁ ምላስ አላንገበገባትም። ጋሽ ባንታየሁ ከምግብ ቤቱ ማዶ ባለው አፓርትመንት የሚኖሩ፣ ኢምባካሲ በሚባለው ሰፈር የካርጎ ሥራ ያላቸው ሰው ናቸው። ደግ ናቸው፤ ለቅሶ አይቀሩም፤ ችግራቸው ዓሣ ማሳደጋቸው ነው።

ሳሎናቸው ውስጥ ግድግዳ የሚያህል የመስታወት ዓሣ ማኖሪያ፣ አኳሪየም አለ። በውስጡ አምስት ነብር ዓሦች ይንሳፈፋሉ፤ ቢጫ ገላቸው ላይ ጥቁር ሰንበር ከላይ ወደ ታች ወርዶባቸዋል። እንግዳ ገና ሳይቀመጥ ትምህርት ይጀመራል።

«ሰንበሩን እይ! ሰፊና ጥቂት ከሆነ የሲያም ነብር ነው፣ ንጉሡ። ቀጠን ብሎ ከበዛ የኢንዶኔዥያው ነው። ገላው ነጣ ብሎ ሰንበሩ ክር ከመሰለ ደግሞ ብርማው ነው፤ እሱ ውኃው ላይ ትንሽ ጨው ጣል ካልተደረገለት አይስማማውም። እኔ አሥር እርምጃ ርቄ እለያቸዋለሁ!»

ምሥራቅም ቤቷ እንዲያምር ብላ መግቢያው ላይ አንድ አኳሪየም አስቀመጠች፤ አራት ብርቱካናማ ጎልድፊሽ ገዝታ ጨመረችበት። ጋሽ ባንታየሁ ጎንበስ ብለው አዩና ደንበኛ በሞላበት፣ «ልጄ፣ ይሄ ዓሣ ነው ወይስ ካሮት?» አሏት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ሊበሉ በመጡ ቁጥር ሰላምታቸው «ካሮቶቹ እንዴት ናቸው?» ሆነ። ምሥራቅ ጥርሷን ነክሳ «ይመስገን» ትላለች።

አንድ ጊዜ ጋሽ ባንታየሁ ለካርጎ ጉዳይ ለአሥር ቀን ሞምባሳ ወረዱ። በማግስቱ ባለቤታቸው ወይዘሮ ትዕግስት መጡ።

«ምሥራቅዬ፣ እባክሽ እነዚያን ጉዶች አብዪልኝ። እሱ ሽሪምፑን በእጁ ነው የሚያጎርሳቸው፤ እኔ እንደሁ እፈራለሁ።»

ምሥራቅ ስምንት ቀን አበላች። በስምንተኛው ቀን መስታወቱ ፊት ቆማ ሳለ ሰይጣን ሹክ አላት።

«እትዬ ትዕግስት፣ አንዱን ብዋሰውስ?»

ወይዘሮ ትዕግስት ሊቆጡ ይገባ ነበር። ትንሽ አሰቡና፣ «ትልቁን ውሰጂው» አሉ።

ነብሩ በባልዲ፣ ላዩ ላይ የእንጀራ መሶብ ክዳን ተደፍቶበት መንገድ ተሻገረ። የግቢው ጥበቃ «ሳማኪ?» ሲላት «አዎ፣ ዓሣ ነው» ብላ አለፈች። ጎልድፊሾቹን አስቀድማ ወደ ሳፋ አዛውራቸው ነበር፤ አንዱ ግን ከድንጋዩ ጀርባ ተደብቆ ቀርቶ ኖሯል። ጠዋት ስትመጣ የለም፤ የነብሩ ሆድ ግን ተነፍቷል። ይባስ ብሎ ቢጫ ገላው ከሰል መስሏል። ደነገጠች። ቆይታ ግን አንድ ነገር ትዝ አላት፦ ይህ ዓሣ ቦታ ሲቀየርበት ቀለሙ ይጠቁራል። ማን ነበር የነገራት? ራሳቸው ጋሽ ባንታየሁ፣ ሃያ ጊዜ!

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ጋሽ ባንታየሁ ከባቡር እንደወረዱ፣ ቤታቸው እንኳን ሳይገቡ፣ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ለምሳ መጡ። ወይዘሮ ትዕግስት ከሁለት የማኅበር ወዳጆቻቸው ጋር ቦታ ይዘው ይጠብቋቸዋል።

«ካሮቶቹ እን...» ብለው ጀመሩና በሩ ላይ ቆሙ። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ነብር ነው ብለው ሸጡልኝ፣ ጋሼ» አለች ምሥራቅ አንገቷን ደፍታ።

ጋሽ ባንታየሁ መነጽራቸውን አደረጉ። «አይ ልጄ! አታለውሻል። ሰንበሩ እንኳን አይለይም! ብርማው ነው፤ ያውም ጨው አጥቶ የጠቆረ በሽተኛ። የኔዎቹን አይተሽ፣ ይሄን ነብር ብለሽ ገዛሽ?» አሉና ከጠረጴዛው ላይ የጨው ዕቃውን አንስተው ወደ ውኃው ሊነሰንሱ ቃጡ። ምሥራቅ ዘልላ እጃቸውን ያዘች። ወይዘሮ ትዕግስት ውኃ ትን አላቸው።

ዓሣው ግን ሰውየውን አወቀ። መስታወቱ ላይ መጥቶ ጣታቸውን እየተከተለ ግራና ቀኝ ይል ጀመር።

«ምስኪን፣ ሰው ይወዳል» አሉ ጋሽ ባንታየሁ። ምሥራቅ ሽሪምፕ አቀበለቻቸው። ዓሣው በግራ ጎኑ ጋደም ብሎ ከጣታቸው ላይ ቀስ አድርጎ ወሰደ፤ ልክ ቤታቸው ያለው ትልቁ ነብር እንደሚያደርገው። ጋሽ ባንታየሁ ጣታቸውን ከውኃው አወጡ። ሚስታቸውን ዞረው አዩ። ወይዘሮ ትዕግስት በናፕኪን ፊታቸውን ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

«ታዲያ ከበሽተኛ ጋር ምን አደከመኝ፣» አለች ምሥራቅ፣ «ጠብሼ ልገላገለው መሰለኝ።»

«እንዳትነኪው!» ጮኹ። ቤቱ ሁሉ ዞረ። «የሲያም ነው... የኔው ነው። አላወቅሁትም።»

«ከአሥር እርምጃ?» አሉ አንደኛው ወዳጃቸው።

«ከአንድ ስንዝር!» አሉ ጋሽ ባንታየሁ፤ መጀመሪያ የሳቁትም እሳቸው ሆኑ። ሳቃቸው ሲበርድ ሻንጣቸውን ለሚስታቸው ሰጥተው፣ ነብሩ የተመለሰበትን ባልዲ በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ እየተንጠባጠበባቸው መንገድ ተሻገሩ።

ሰኞ ማለዳ ምሥራቅ ቤቷን ስትከፍት ጋሽ ባንታየሁን በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ስለ ዓሣ አንድም ትምህርት ሳይሰጡ ሻይ አዘዙ፤ ሁለት ጊዜ ፉት አሉ።

«አንቺ የአርባ ምንጭ ልጅ ነሽ አይደል?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጫሞ ሐይቅ ውስጥ አለ የሚባለው ነብር ዓሣ... አይተሽዋል?»

ሰውየው ስለ ዓሣ ሲጠይቁ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቷ ነበር። አባቷ ጫሞ ላይ መረብ ይጥሉ ነበርና ታውቀዋለች። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እሱ ሌላ ዘር ነው፣ ጋሼ። ገላው ብር ነው፤ ሰንበሩም እንደ ባቡር ሐዲድ በቁመቱ ይሄዳል። አፉን ቢዘጋም ጥርሱ ከውጭ ይታያል። አኳሪየም ውስጥ ቢያስገቡት ወይ ዘልሎ ይወጣል ወይ ሳሎኑን ይቀማዎታል።»

«ጥርሱ ምን ያህላል?»

ምሥራቅ የትንሿን ጣቷን እስከ ግማሽ አሳየች። የጋሽ ባንታየሁ ዓይኖች እንደ ሕፃን ሲፈጥጡ አየችና፣ ጥርሱን አስረዝማ ሙሉ ጣቷን አሳየቻቸው።