አያ ጨው

ዋኘውን የሰደበው ተክለ ጊዮርጊስ ነው። ቀኑ የኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ሰዓቱ ከቀትር በኋላ፣ ቦታው ይኸው አሁን ለቅሶ የተቀመጡበት የሐብተ ማርያም ግቢ። ያን ዕለት ተክለ ጊዮርጊስ ባሕር ዛፉ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጦ ጠላ ይጠጣ ነበር። ዛሬም እዚያው ባሕር ዛፍ ሥር ነው። ያችኑ ዱካ ፈልጎ፣ የተቀመጡባት አሮጊት ብድግ እስኪሉ ጠብቆ ነው የወሰዳት። የተለወጠ ነገር ቢኖር ነጠላውን ማዘቅዘቁ ብቻ ነው።

ዋኘው ይህን ሁሉ ከዳሱ ጥግ ሆኖ ያያል። ታናሽ ወንድሙ ሐብተ ማርያም ትናንት ቁስቋም ተቀበረ። ለቀስተኛው እየገባ "እግዜር ያጥናህ" ይለዋል፤ እሱ አንገቱን ይነቀንቃል እንጂ አፉን አይከፍትም። ያዩት ሁሉ "ሐዘኑ ልሳኑን ዘጋው" ይላሉ። ሐዘንማ አለበት። አፉን የዘጋው ግን ቢከፍተው መጀመሪያ የሚወጣው ቃል ለቅሶ ቤት የማይባል ስለሆነ ነው።

ከባሕር ዛፉ ሥር ሹክሹክታ ይመጣል። ስልክ ቤት ከሟች ጋር ይሠሩ የነበሩት ተክለ ጊዮርጊስና ጓደኞቹ ናቸው። አቀርቅረው ላያቸው ለነፍሱ የሚጸልዩ ይመስላሉ። ዋኘው ግን ልብስ ሰፊ ነው፤ በስፌት ማኪናው ጩኸት መሃል ሰው ሲያማው ለይቶ መስማት ከለመደ ቆይቷል።

"ረቡዕ ከሥራ እንደወጣን ከተነሣን ደባርቅ እናድራለን።"

"ሐሙስ ሊማሊሞን በቀን ብርሃን እንወርዳለን። እኔ በጨለማ አልወርዳትም፣ ከወዲሁ ልንገራችሁ።"

"ቅዳሜ ባሕሩ ላይ ነን። ቃና ዘገሊላን በምጽዋ!"

"ቀስ በል፣ ወንድምየው ያያል።"

"የሱ ቦታስ?"

"የማን?"

"የሟች ነዋ። የጋቢናው።"

ዋኘው የዘገነውን ንፍሮ ወደ ሰፌዱ መለሰው።

ይህን ጉዞ ያመጣው ሐብተ ማርያም ራሱ ነበር። ዘንድሮ ጥምቀት አርብ ይውላል፤ ቃና ዘገሊላ ቅዳሜ፣ ከዚያ እሑድ። ሐሙስን፣ ሰኞንና ማክሰኞን ከአለቃቸው ካስፈቀዱ፣ በነጋዴው በበድሩ የጭነት ማኪና እስከ አስመራ፣ ከዚያ በባቡር ምጽዋ ደርሶ መመለስ ይቻላል። አገሩ ሁሉ ለጥምቀት ወደ ጎንደር ሲጎርፍ እነዚህ ከጎንደር ሊሸሹ! ካህናቱ ሰምተው ተቆጥተዋል። ሐብተ ማርያም ግን አልሰማቸውም። ከተማይቱ ውሃ መሃል የተቀመጠች ናት ይላል፤ ቤቶቿ ከባሕር ሥር በወጣ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ ቱርክ የሠራው በርና መስኮት እስከ ዛሬ አለ ይላል። ሲያወራ እጁ አያርፍም ነበር። ዋኘው ከወንድሙ አፍ የሰማውን ምጽዋ ልብስ ሲሰፋም ያየው ነበር። ጎርጎራ ሳለ አንድ ሽማግሌ ጀልበኛ "ከዚህ የሚበልጥ፣ ማዶ የሌለው ባሕር አለ" ብሎት ያውቃል። ማዶ የሌለው ነገር ምን ይመስላል? ይህን ለማየት ሲመኝ ዕድሜው ሄደ።

የተሰደበ ዕለት ስለ ስንቅ ነበር የሚነጋገሩት። የሐብተ ማርያም ሚስት ስንዱ፣ በሶውና ድርቆሹ በኔ አለች። በድሩ ምጽዋ ውሃ ብርቅ ስለሆነ በርሜል እንጫን አለ። ዋኘው የመጣው ካኪ ጨርቅ ሊቀበል ነው፤ ለተጓዦቹ ሁሉ የመዋኛ ቁምጣ እንዲሰፋ ወንድሙ ጠርቶት። ትሄዳለህ ወይ ያለው ሰው አልነበረም። ጨርቁን ብብቱ ሥር እንዳደረገ ነገሩ ጣፈጠውና ገባበት።

"በርሜል ምን ያደርጋል?" አለ። "ባሕር አይደል የምንሄደው? ከባሕሩ እንጠጣለን።"

ተክለ ጊዮርጊስ የጠላ ዋንጫውን አስቀመጠ።

"እንጠጣለን? ማንና ማን?" አለ። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞረ። "አያ ዋኘው፣ ባሕር እኮ ጨው ነው! ወጥ ትሠራበት እንደሆን እንጂ አትጠጣውም። ስሙን ዋኘው ብለው አውጥተውለት፣ ባሕርና ምንጭ የማይለይ ሰው!"

ግቢው በሳቅ ተናጋ።

ተክለ ጊዮርጊስ የመካነ ብርሃን ልጅ ነው። ያ ደጋ እግር የሚያርስ እንጂ ሰው የሚውጥ ውሃ የለውም። ዋኘው ግን በጣልያን ጊዜ ጎርጎራ ጀልባ ሲጭንና ሲያራግፍ የኖረ፣ ዋና ከዚያው የተማረ ሰው ነው። ጎርጎራ ጣናን ጣና የሚለው የለም፤ ባሕር ነው። ከባሕር ይቀዳል፣ በባሕር ይታጠባል፣ ሲጠማ ጎንበስ ብሎ ከባሕር ይጠጣል። ባሕር ሲባል ዋኘው አፍ ላይ የሚመጣው ያ ጣዕም ነው። ይህን መናገር ይችል ነበር። ግን ለምን ይናገራል? የሚናገርለት ሰው እዚያው ነበር። ሐብተ ማርያም ይህን ሁሉ ያውቃል። አንድ ቃል ቢል ይበቃ ነበር።

ሐብተ ማርያም ግን ሳቀ። መዳፉን አፉ ላይ አድርጎ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ ከሁሉም እኩል ሳቀ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዋኘው ገበያ ሲወጣ "አያ ጨው" የሚል ስም ቀድሞት ደርሶ ነበር። ካኪውን ሳይቆርጥ ስፌት ማኪናው ሥር ወረወረው፤ ከዚያ ወዲያ የወንድሙን ደጅ አልረገጠም። በገና ዋዜማ ሐብተ ማርያም ሱቁ ድረስ መጣና በረንዳው ላይ ቆመ።

"አያ" አለ።

"ካኪው አልደረሰም" አለው ዋኘው፣ እግሩን ከመርገጫው ሳያነሣ።

"ለካኪው አይደለም የመጣሁት።"

"የኔ ሥራ ካኪ ነው።"

ሐብተ ማርያም ከበረንዳው ወርዶ ሄደ። ከበዓሉ በኋላ ውጋት ይዞት ተኛ፤ ሳምንት እንኳ አልቆየም።

ስንዱ ከሴቶቹ መሃል ተነሥታ ወደ ዳሱ ጥግ መጣች። ፊቷን ነጭታዋለች፤ ቁስሉ ገና አልደረቀም።

"አያ ዋኘው፣ ምነው አንድ ነገር እንኳ ቅመሱ እንጂ።"

"በልቻለሁ።"

"አልበሉም። ንፍሮውን ሲመልሱ አይቻለሁ።" አጠገቡ ቁጢጥ አለች። "ትኩሳቱ ሲበረታበት አንቱን ነበር የሚጠራ። 'ወንዙ ሞልቷል፣ አያን ጥሩልኝ' ይላል። ምን ወንዝ አለ፣ አልጋህ ላይ ነህ ብለው ማን ይስማኝ። 'አያ ካልመጣ አልሻገርም' ይላል።"

"ታዲያ ምነው አልጠራችሁኝ?" ድምፁ ከፍ አለና ለቀስተኛው ዞሮ አየ።

"ኧረ ልከናል! ተክለ ጊዮርጊስ ሱቅዎ ድረስ ሄዶ ተዘግቷል ብሎ ተመለሰ። ኋላ ነው ጠዳ ገበያ መውረድዎን የሰማን።"

ተክለ ጊዮርጊስ! ከዚህ ሁሉ ሰው መርጠው እሱን ላኩ። የሱቁን ጎረቤት ቢጠይቅ ጠዳ ነው ይሉት ነበር። ምጽዋ ድረስ ማኪና ያገኘ ሰው፣ ለጠዳ አጣ! ዋኘው ተነሥቶ ሊሄድበት አሰበ። "ወንዙ ሞልቷል" የሚለው ቃል ግን መሬት ላይ ሰፍቶታል።

ወንዙ ቀሐ ነው። ጣልያን ወጥቶ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ አባታቸው በሕይወት አልነበረም። ዋኘው የቄስ ትምህርቱን ዳዊት ላይ ያቆመ ነው፤ አንዱ ይማር፣ አንዱ ይስፋ ተባለ፤ እንዲሰፋ የተፈረደበት እሱ ነው። ከቁስቋም ወደ ከተማ ሲወርዱ ድልድዩ መንገድ ስለሚያዞር በወንዙ ያቋርጣሉ። ክረምት ላይ ቀሐ ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል፤ ሐብተ ማርያም ደግሞ ውሃ ይፈራል። ዋኘው ሱሪውን ሰብስቦ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ጎንበስ ይልና "ያዝ" ይለዋል። ልጁ አንገቱን አንቆ ይይዛል። መሃል ሲደርሱ ቁልቁል ይንሸራተታል፤ ዋኘው እጁን ከኋላ አጣምሮ አንዴ ወደ ላይ ነጠቅ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ልጁ ይስቃል። ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ ጆሮው ሥር ይስቃል። መጀመሪያ ዋኘው ደስ ብሎት ይመስለው ነበር። እየዋለ ሲያድር ነው የገባው፤ ሐብተ ማርያም ሲፈራ ይስቅ ነበር።

ታዲያ ያን ዕለት፣ በዚያ ደረቅ ግቢ፣ ማንን ፈርቶ ሳቀ? ይህን የስልክ ቤት ጸሐፊ? ለሱ ሲል ወንድሙን ውሃ ውስጥ ጥሎ ሊሻገር? ዋኘው ጥርሱን ነከሰ። ንቆት ቢስቅበት ይሻለው ነበር። ለተናቀ ሰው መቀየም ቀላል ነው።

በሣልስቱ ቁርባኑ አልቆ፣ ካህናቱ በልተው ከተነሡ በኋላ ዳሱ ሳሳ። ተክለ ጊዮርጊስ ዱካዋን እያንጠለጠለ መጥቶ ከዋኘው አጠገብ ተቀመጠ። ሁለት ጓደኞቹ ከኋላው ቆሙ። በድሩ ትንሽ ራቅ ብሎ ምሰሶውን ተደግፏል።

"አያ ዋኘው" አለ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ድምፁን የለቅሶ ድምፅ አድርጎ፣ "በሐዘን መሃል መጠየቅ ነውር ነው እንጂ… ያች ካኪ ተቆረጠች?"

ዋኘው ዞሮ አየው።

"አይ፣ ደርሳ እንደሆነ ብዬ ነው። ረቡዕ መነሣታችን ነው። ሐብቴ ነፍሱን ይማረውና፣ ቢኖር ቅሩ አይለንም ነበር።"

"እሱን ተወውና ዋናውን ንገረው" አለው ከኋላ አንዱ።

"ዋናውማ… ተመካክረናል። የጋቢናው ቦታ ባዶ ነው። ባዕድ ሰው ከምናስገባ አንተ ብትሄድ ሸጋ ነው ብለናል። ወንድሙ ነህ። ሰው ባሕር ሳያይ አይሙት።" ሊያበቃ ነበር፤ ምላሱ ግን አላስቻለውም። ከንፈሩ ጫፍ ተንቀሳቀሰ። "ለውሃው አታስብ። በርሜል እንይዝልሃለን፣ አያ ጨው።"

ከኋላው የቆመው ሰው ሳቁን በሳል ቀየረው።

"አንተ ሰውዬ!" አለ በድሩ ከምሰሶው ተነሥቶ። "ከኪስህ አውጥተህ የሰጠኸው መሰለህ? ያ ቦታ ከድሮም የዋኘው ነው።"

"እንዴት?"

"እንዴት ትላለህ? ማኪናው የኔ አይደለም? ሐብተ ማርያም ከገና በፊት ቤቴ መጥቶ፣ 'ጋቢናውን ለአያ ያዝልኝ፣ እኔ ከኋላ ጭነቱ ላይ እሆናለሁ' አለኝ። በዚያ ብርድ፣ በሊማሊሞ! አይሆንም ብለው፣ 'እሱ ከሌለ እዚያ ባሕር ውስጥ እግሬን አልነክርም፤ ዋና የሚያውቀው እሱ ነው' አለኝ፣ ወላሂ። እኔም በል ንገረዋ አልኩት። 'ተቀይሞኛል፤ ራሴ ሄጄ እነግረዋለሁ' አለ።" ወደ ዋኘው ዞረ። "አልነገረህም እንዴ?"

ከግቢው ወዲያ አንዲት ለቀስተኛ ሙሾዋን ትጀምርና ትተወዋለች።

ዋኘው ውስጥ ግን ጩኸት ነበር። እንግዲያው ለዚህ ነበር የመጣኸው? በረንዳዬ ላይ ቆመህ "ለካኪው አይደለም" ካልክ፣ ሌላዋን ቃል ምነው ዋጥካት? ስትስቅብኝ ግቢው ሙሉ ሰው አይቶሃል። ስታከብረኝ በድሩ ብቻ ሰማ። ምነው እዚህ አላልከውም? ከዚህ ባሕር ዛፍ ሥር፣ በዚህ ሰው ፊት፣ ምነው ያን ዕለት አላልከውም? አሁን ለማን ልቆጣ? ብነሣስ ማንን ይዤ ልጠይቅ?

"እንግዲህ ምን ትላለህ?" አለ ተክለ ጊዮርጊስ። በድሩ የነገረው ነገር አሳፍሮታል፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ይቸኩላል። "ትሄዳለህ አትሄድም? ሌላ ሰው እንድንፈልግ ነው።"

መልስማ ሞልቷል። ከኅዳር ጀምሮ ስፌት ማኪናው ላይ ተቀምጦ ሲቆርጠው፣ ሲሰፋው፣ ሲተረትረው የከረመው መልስ ነበር። ስለ መካነ ብርሃንም፣ ስለዚያች ዱካም፣ ሱቁ ተዘግቷል ብሎ ስለተመለሰ መልእክተኛም። ይህን ሰው ለዕድሜ ልኩ አንገቱን የሚያስደፋ ቃል ነበረው፤ ከምላሱ ጫፍ ደርሶ ቆሟል። ወንድሙ እሱን ተከትሎ ሊገባበት የነበረው ማዶ የሌለው ባሕርም እዚያ ነበር፤ "እሺ" ቢል ረቡዕ ይነሣል፣ በሐብተ ማርያም ቦታ፣ እነዚህ እየሳቁ።

ተነሣ። ነጠላውን አስተካከለ። በተክለ ጊዮርጊስና በበድሩ መሃል አልፎ ወጣ።

"ኧረ አያ ዋኘው! ሰው ሲያናግርህ!"

ዞሮ አላየም። ከግቢው ወጥቶ ቁልቁለቱን ወረደ። ወደ ድልድዩ የሚወስደው መንገድ ጋ ሲደርስ ተወውና ወደ ወንዙ ታጠፈ።

በጥር የቀሐ ውሃ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ዋኘው ግን ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበና ገባ። መሃል ሲደርስ ቆመ። ጎንበስ አለ። ሁለት እጆቹን ከኋላው አጣምሮ፣ ጀርባውን አንዴ ወደ ላይ ነጠቅ አደረገ። ከዚያ ድንጋዩን በእግሩ እየዳበሰ፣ ቀስ ብሎ ተሻገረ።