ሆድ የባሳት

ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። ባሏን ከቀበረች ወዲህ እንኳ ስፌት ቤቷን ዘግታ አታውቅም። ሰሞኑን ግን የሆድ ሕመም አላስቀምጥ ሲላት ማልደን ሐኪም ቤት ሄድን።

"ምንዎን ነው እናቴ?" አለ ወጣቱ ሐኪም፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል።

"ሆዴን። ሰንብቶብኛል፤ ከትናንት ወዲህ ደግሞ ባሰኝ።"

"ባለቤትዎ አሉ?"

"የለም፣ አርፏል።"

የሐኪሙ ፊት ፈካ። "ታዲያ ሆድ ብሶዎት ነዋ!"

"ሆድ አልባሰኝም ልጄ፤ ሆዴን ነው የባሰኝ።"

"ያው ነው።"

ለካ በቅርቡ ሥልጠና ወስዶ መጥቷል። አእምሮ ያፈነውን አካል ይናገራል አለን። "ኧረ አልትራሳውንድ እዘዝላት" ብዬ ብለምነው፣ "አንተም አብረሃት ብትገባ ይጠቅምሃል፤ ትከሻህ ተወጥሯል" ብሎ ላይኛው ፎቅ ወደ አእምሮና አካል ሕክምና ክፍል ሰደደን።

ክፍሉ ምንጣፍ በምንጣፍ ነው። ከድምፅ ማጉያው ምንጭ ይንፎለፎላል፤ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ግን ጠብ የሚል ውሃ የለም።

"ሕመሙን አይታገሉት" አለች አሠልጣኟ በለሆሳስ፣ "እንደ እንግዳ ይቀበሉት።"

"እንግዳ እኮ ይሄዳል፣ ልጄ።"

እትዬ ስታቃስት "ጎሽ፣ ይውጣ!" አለቻት። ስታስመልስ "ይሄ ሁሉ ታፍኖ!" ብላ ተደመመች። በላብ ተጠምቃ ዝም ስትል ደግሞ "አያችሁ እንዴት እንደተረጋጉ?" ብላ ምንጣፉ ላይ ለተጋደሙት ሌሎች ታካሚዎች አሳየቻቸው። እኔ አፋፍሼያት ወደ ታች ወረድኩ።

የቀዶ ጥገና ሐኪሟ ገና ሆዷን ስትነካ ፊቷ ተለወጠ። "ትርፍ አንጀቷ ሳይፈነዳ አልቀረም። ምነው ጠዋት ብታመጣት?"

"ጠዋትማ እዚሁ ነበርን። ምንጣፍ ላይ።"

"ማንም ሆዷን አልነካም?"

"ስለ ሆዷ ብዙ ተባለ።"

ጥርሷን ነከሰች። "የትንፋሽ ልምምዱንም ሰውነት ማፍታታቱንም እኔ ራሴ አዛለሁ፤ ግን ከቀደድኩና ከሰፋሁ በኋላ!" አለችና ወጣቱን ሐኪም አስጠራችው።

አልጋው ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሲገፋ እትዬ እጄን ጨብጣኝ ነበር። በሩ ጋ ስንደርስ ለቀቀችኝ። ደረቷን ቢጫኑ፣ ቢጫኑ፣ አልመለስ አለች።

ወጣቱ ሐኪም እያለከለከ ደረሰ። ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ እጁን ሆዷ ላይ አኖረ።

"እዚህ ጋ ነው የሚያምዎት፣ እናቴ?"

የቀዶ ጥገና ሐኪሟ ጓንቷን አወለቀች።

"አሁን አያማትም" አለችው።