አረሙ ከላዩ ሲገጥም

ታናሽ ወንድሜ አልሲድ ሲበዛ ግትር ነው። አምና ከዳክዬ አደን ሲመለስ፣ ዳክዬ ለማታለል ሐይቁ ላይ የሚያንሳፍፋቸውን የፕላስቲክ ዳክዬዎች ሳያደርቅ አምጥቶ ኩሬያችን ውስጥ ዘፈዘፋቸው። እዚህ ሉዊዚያና አዳኝ ሁሉ በእንደዚህ ዓይነት ማታለያ ያድናል። ከፕላስቲክ ዳክዬዎቹ ጋር ተጣብቆ የመጣውን አረም ያመጣብን እሱ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ቅጠሉ ላይ ውሃ ባፈስበት ውሃው ሳያረጥበው ተንከባሎ ወረደ። ጠጋ ብዬ ሳየው የቅጠሉ ጠጉሮች ጫፍ ለጫፍ ተገናኝተው የእንቁላል መምቻ መስለዋል። ሳልቪኒያ፣ ኩሬ የሚውጠው ተንሳፋፊ አረም። ደንግጬ አልሲድን ጠራሁት።

"የእንቁራሪት ፍራሽ ነው፣ ምን ያስደነግጥሻል?" አለኝ አልሲድ።

በጋ ሲገባ ኩሬው መስክ መሰለ፤ ጠብታ ውሃ አይታይም። ከእርሻ ቢሮ የመጣችው ሴት፣ "በእጅ አትንቀሉት፣ ሲቆራረጥ ይባዛል። የሚበላውን ነቀዝ እስክናመጣ ታገሱ" አለችን። አልሲድና ትዕግሥት! መኪናዋ ከግቢ ሳይወጣ መንሹን ይዞ ኩሬው ውስጥ ገባ።

"ውጣ፣ አልሲድ። ዋና አትችልም።"

"ደረቴ ድረስ ነው እቴ። ያመጣሁትን እኔው ላውጣው፣ ተይኝ።"

"እሺ ገመድ እሰር።"

"አህያ መሰልኩሽ እንዴ?" አለና እየሳቀ ወገቡ ላይ አሰረው። ጫፉን እኔ ያዝኩ።

መሃል ላይ አባታችን ለዓሣዎቹ ያስቆፈረው ጥልቅ ጉድጓድ አለ። ረስቶት ይሁን አረሙ ሸፍኖበት፣ እንጃ። እያየሁት ጠፋ። አልጮኸም። አረሙ ከላዩ ገጠመ፤ ቀዳዳ እንኳ አልቀረም።

ከዚያ አረንጓዴው አንድ ቦታ ላይ ከፍ አለ። ከሥር በጭንቅላቱ እየገፋ ነው። ዝቅ አለ። ደግሞ ሌላ ቦታ ከፍ አለ፣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ማዶ። መውጫው ጠፍቶታል። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ገመዱን እጄ ላይ ጠቅልዬ ጎተትኩ። መጣ፣ ከበደኝ፣ ቆመ፣ እንደገና መጣ። ዳር ሳደርሰው አፉን የሞላውን ቅጠል በጣቴ አወጣሁለት። ሳለ፣ አስመለሰው፣ ተነፈሰ።

"ገድለኸኝ ነበር እኮ፣ አንተ የማትረባ" አልኩት እያለቀስኩ።

ይቀልድብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ገመዱን ልፈታለት ስል ግን እጄን ያዘኝ።

"ተይው" አለ።

ቤት ገብተን ጋምቦ የምንለውን ወፍራም ሾርባ አቀረብኩለት። ውሃው ከልብሱ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል፣ ገመዱ አሁንም ወገቡ ላይ ነው፤ እየበላም ጫፉን እንድለቅበት አልፈለገም።