የቢሮው ገመድ

ጫማው በዛ። መምህር አምባው ድንኳኑ አፍ ላይ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታል፤ ዓይኑ ግን ሰሌኑ ጠርዝ ላይ የተከመረው ጫማ ላይ ቀርቷል። ሸበጥ አለ፣ ኮንጎ አለ፣ የተማሪ ስኒከር አለ፣ የባለሥልጣን ቆዳ ጫማ አለ። ሁሉም ለኸድራ የመጣ ነው።

«እኔ ብሞትስ?» አለ በሆዱ። «የዚህ ሩቡ ይመጣልኛል?»

ወይ ጉድ! ሰው ለቅሶ ቤት ደጃፍ ቆሞ ጫማ ይቆጥራል? ከሞተች ልጅ ጋር፣ ያውም ራሱ ካስተማራት ልጅ ጋር ይፎካከራል? አምባው ይፎካከራል። ከጎጃም ተመድቦ አሶሳ ከመጣ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የቱሪዝም ትምህርት ክፍል ኃላፊ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። የታመመ ይጠይቃል፣ ተማሪ አያንገላታም። ኸድራ ላይ ሲደርስ ግን ዓይኑ ደም ይለብሳል።

«መምህር! ወዲህ ና፣ እኔ ጋ ቁጭ በል!»

የጠሩት የሟቿ አባት፣ አባባ ብኸይታ ናቸው። ከሽማግሌዎቹ መሀል ቦታ ለቀቁለት።

«ይሄ ነው ልጄን ያስተማረ» አሉ ለጎረቤቶቻቸው። «ኸድራ ሁልጊዜ ይላል፣ ‹እኔን ሰው ያደረገ አምባው ነው› ይላል።»

የአባባ ብኸይታ የቤት ቋንቋ በርታ ነው፤ በአማርኛቸው ሴቱም ወንዱም «እሱ» ነው። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ለሟቿ የፋቲሃ ጸሎት አደረሱ። አምባው ክርስቲያን ቢሆንም እጁን ዘረጋ፤ አሶሳ የኖረ ሰው ይህን ያውቃል። ሲዘረጋ የኮቱ የውስጥ ኪስ ኮሽ አለ። የኸድራ ደብዳቤ ነው። ማንም እንዳያገኘው ጠዋት ከመሳቢያው አውጥቶ ኪሱ ከቶታል።

የከርከዴ ሻይ ዞረ። ከጎኑ የተቀመጠው የሥራ ባልደረባው ዲሳሳ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

«ዩኒቨርሲቲው መኪና ቢሰጣት ኖሮ እኮ በዚያ ዝናብ በኪራይ ሞተር አትሄድም ነበር። ጠይቃለች ይላሉ። ደብዳቤው የት ገብቶ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ» አለ አምባው። ሻዩ አፉ ውስጥ መረረው።

ኸድራ ክልሉ ክልል በሆነ ሰሞን የተወለደች ልጅ ናት። አምባው ክፍል ስትገባ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ የምትጽፍ ዝምተኛ ነበረች። አንድ ቀን እሱ እንደ ወትሮው ሰሌዳው ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ፦ ቱሪስት ይመጣል፣ ማረፊያ ይሠራል፣ ገቢ ያድጋል። እጇን አወጣች።

«ከዚያስ ቲቸር?»

«ከዚያማ ያድጋል!»

«ካደገ በኋላስ? ማረፊያው ውሃውን ከየት ያመጣል?»

ያን ቀን ወደዳት። ኤ ሰጣት፤ ለሁለተኛ ዲግሪ ስትሄድም የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈላት። ተመልሳ፣ መምህርት ሆና የቱሪዝም ፖሊሲን ኮርስ ስትረከብ ግን ፍቅሩ ወዴት እንደ ገባ እንጃ። እሱ ክፍል ተማሪ ያንቀላፋል፤ እሷ ክፍል ከሌላ ትምህርት ክፍል ሳይቀር መጥቶ በመስኮት ይንጠለጠላል። ትምህርቷን «ሲስተም ቲንኪንግ» ትለዋለች፤ ሁሉ ነገር ከሁሉ የተያያዘ ነው ማለቷ ነው።

አንድ ቀን እሱም በመስኮት አየ። ሃያ ተማሪ ክብ ሠርቶ ቆሟል። እያንዳንዱ ደረቱ ላይ ወረቀት ለጥፏል፦ ቀርከሃ፣ ምንጭ፣ ማረፊያ፣ ማንጎ ሻጭ፣ አስጎብኚ፣ ከሰል አክሳይ፣ ቢሮ። ከአንዱ ወደ ሌላው የናይለን ገመድ ተወጥሯል።

«ማረፊያው አንድ ፎቅ ይጨምር» አለች ኸድራ። ማረፊያ የሆነው ልጅ ገመዱን ሳበ። ቀርከሃ ተንገዳገደ፣ ምንጭ ተከተለው፣ ማንጎ ሻጯ ልትወድቅ ደረሰች። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

«ቢሮ፣ አንተስ?»

«እኔ ምንም አላደረግኩም ቲቸር» አለ ቢሮ የሆነው ልጅ። ገመዱ እጁ ላይ ላልቶ ተንጠልጥሏል።

«ችግሩ እሱ ነዋ! አንተ ስታላላው እኮ ነው እሷ የምትወድቀው። ሲስተም ነው ብለን ጥፋቱን ለሁሉም በትነን አንገላገልም። እያንዳንዱ በእጁ ያለውን ገመድ ይወቅ።»

አምባው ከመስኮቱ ሲርቅ «የሕፃን ጨዋታ!» አለ። ውስጡ ግን ሌላ ይላል፤ «ይህ እንዴት ለእኔ አልመጣልኝም?» ይላል።

በሳምንቱ ደብዳቤዋ ጠረጴዛው ላይ መጣ። «ጉዳዩ፦ ለመስክ ጉዞ መኪና ስለመጠየቅ» ይላል። ከባምባሲ ከተማ ወዲያ ወዳለ የቀርከሃ ጫካ ተማሪዎቿን ልትወስድ ነው። አምባው ከርዕሱ ሳያልፍ አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። «እስቲ ትመላለስ» አለ። «አንድ ጊዜ እንኳ ትለምነኝ።» በአሥረኛው ቀን መጥታ «ቲቸር፣ ያቺ ደብዳቤ?» አለችው። «እየታየ ነው» አላት። አልለመነችም። ቅዳሜ መንገዱን አስቀድማ ልታይ ሞተር ተከራየች። የግንቦት ዝናብ መንገዱን አጨቅይቶት ነበር፤ ሞተሩ ተንሸራቶ ተገለበጠ። ባለሞተሩ እጁ ተሰብሮ ተረፈ፤ እሷ አልተረፈችም።

በለቅሶው ሁለተኛ ቀን የኸድራ ተማሪ የሆነችው ሩሐማ ድንኳኑ ጥግ ጠበቀችው። ዓይኗ አባብጧል።

«ደብዳቤውን ቢሮዎ ያስገባሁት እኔ ነኝ ቲቸር። ደርሶዎት ነበር አይደል?»

«ብዙ ደብዳቤ ይመጣል፣ ልጄ።»

ሩሐማ አንገቷን ሰብራ ሄደች። አምባው ያን ጊዜም ያየው እንባዋን ነው። ለእሱ እንዲህ ያለቀሰች ተማሪ የለችም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ የሠራውን እያወቀ፣ መቃጠሉ ግን አልለቀቀውም።

ሦስተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ሊበተን ሲል፣ አባባ ብኸይታ ወደ እሱ ዞሩ።

«መምህር፣ ልጄ ገመድ ያስተምራል ይላሉ። ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ገመድ? አንተ አስረዳኝ። ምን ነበር ሥራው?»

ከሁሉ ሰው እሱን! አምባው የኸድራን ሥራ ሊያሳንሰው ይችል ነበር፤ ማን ያውቅበታል? ሽማግሌው ግን ዓይን ዓይኑን ያያሉ።

«አንዱን ነገር ሲነኩት ሌላው ይናጋል ነው የምትለው፣ አባባ። ቀርከሃው ከተቆረጠ...»

«ምንጩ ይደርቃል» አሉ አባባ ብኸይታ ፈጥነው። «ይሄ እኮ እናቴ የሚለው ነው! ጎሽ ልጄ!» የሰው ልጅ ለቅሶ ቤት ውስጥ እንዲህ ይኮራል።

«ልናሳይዎት እንችላለን አባባ» አለች ሩሐማ ከተማሪዎቹ መሀል። «ከፈቀዱልን።»

ፈቀዱ። ተማሪዎቹ ሰሌኑ ላይ ክብ ሠርተው ቆሙ። ወረቀቶቹንና ገመዱን ለማስታወሻዋ ከክፍል ይዘው መጥተዋል፤ የእጅ ጽሕፈቱ የኸድራ ነው። ቀርከሃ ተያዘ፣ ምንጭ ተያዘ፣ ማንጎ ሻጭ ተያዘች። መምህርቷ የምትቆምበት ቦታ ላይ ራሳቸው አባባ ብኸይታ ቆመው የገመዱን ጫፍ ያዙ። አንድ ወረቀት ብቻ የሚይዘው አጥቶ ሰሌኑ ላይ ቀረ። ቢሮ። ከእሱ ወደ ሽማግሌው የሚሄደው ገመድ መሬት ላይ ተኝቷል።

አባባ ብኸይታ የተኛውን ገመድ አዩት።

«ልጄን የጣለ የትኛው ነው?» አሉ በቀስታ። «ዝናቡ ነው? ሞተሩ ነው? አላህ ያመጣው ነው፣ እሱን አውቃለሁ። ገመዱን ነው የምጠይቅ።»

አምባው ተነሣ። ዲሳሳ ክንዱን ሊይዘው ሲል እጁን መነጨቀ። ወረቀቱን አነሣ። ደብዳቤውን ከኪሱ አወጣ።

«መኪናውን የከለከልኳት እኔ ነኝ፣ አባባ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ቀንቼባት ነው።»

ሽማግሌው ደብዳቤውን ተቀበሉ፤ አገላብጠው ካዩት በኋላ ለሩሐማ ሰጧት።

«አንብብልኝ። የልጄ ቃል ነው።»

ሩሐማ ከርዕሱ ጀመረች። ቀኑን አነበበች፣ የተማሪውን ብዛት አነበበች። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «‹በተጨማሪም ለመምህሬ ለአቶ አምባው አንድ የፊት መቀመጫ ይያዝልኝ። ‘ከዚያስ?’ ብሎ መጠየቅን የጀመርኩት በእሳቸው ክፍል ስለሆነ፣ ጫካውን ከተማሪዎቼ ጋር አብረው እንዲያዩት እፈልጋለሁ።›»

አምባው ይህን አያውቅም ነበር። እንድትለምነው ሲጠብቅ ለምናው ነበር፤ እሱ ነው ያላነበበው። እንባው መጣ፤ ለራሱ ይሁን ለእሷ አልለየውም።

አባባ ብኸይታ አልተራገሙም፣ ይቅርም አላሉትም። ገመዱን እንደያዙ ቆሙ።

አምባው ወረቀቱን ደረቱ ላይ ለጠፈ። ጎንበስ ብሎ የወደቀውን ጫፍ አነሣና፣ እንዳይላላ፣ መዳፉ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመው።