ከጽጌረዳ መጾም

የጽጌ ጾም የፈቃድ ጾም ነው፤ የሚጾመው ይጾማል፣ የማይጾመውን የሚወቅስ የለም። መሪጌታ እንዳለ ግን ዘንድሮ ከሥጋውና ከወተቱ የሚከብድ ነገር ጨመሩበት፤ እስከ ቁስቋም በዓል ድረስ አንዲት የጽጌረዳ ችግኝ ላይገዙ በንስሐ አባታቸው ፊት ቃል ገቡ።

ምክንያቱ ግልጽ ነበር። የቁስቋም ዕለት የጽዋ ማኅበሩ ተራ የእርሳቸው ነው። ከወንበራ ደብረ ዘይት ወደ አሶሳ ከመጡ ወዲህ ማኅበሩን በቤታቸው ሲያስተናግዱ ይህ የመጀመሪያቸው ነውና በጉጉት ጠብቀውታል። እንግዶቹ የሚቀመጡበት ድንኳን ደግሞ ቦታ ይፈልጋል፤ በመሪጌታ ግቢ ቦታ የሚባል ነገር ከጠፋ ቆይቷል። ጽጌረዳው በመጀመሪያ አጥሩን ተከትሎ ዞረ፤ አጥሩ ሲያልቅበት በመግቢያው ግራና ቀኝ ተሰለፈ፤ ከዚያ የውኃውን ሮቶ ከበበ፤ በመጨረሻም ከሽንት ቤቱ በር ደረሰ፤ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ነጠላውን ሰብስቦ በጎኑ ይገባል። የተረፈችው ከሳሎኑ ፊት ለፊት ያለችው ቁራሽ መሬት ብቻ ናት። ባለቤታቸው ወይዘሮ የዝና በዚያች መሬት ዳር ቆመው ፍርድ ሰጡ።

«እዚህች ላይ አንድ እሾህ ካየሁ ጽዋው ወደ ማኅበሩ መሪ ወደ አቶ ወንድማገኝ ቤት ይሄዳል። እኔ የእመቤቴን እንግዶች እሾህ ላይ አላስቀምጥም።»

ቃል መግባቱስ ቀላል ነበር። ያልታሰበው ነገር ወሩ የጽጌ ወር መሆኑ ነው። ከመጠጥ የሚጾም ሰው ጠጅ ቤት አይቀጠርም፤ መሪጌታ ግን የማኅሌት መሪ ናቸው። በዚህ ወራት እመቤታችንና ልጇ በአበባ እየተመሰሉ ይወደሳሉና፣ መሪጌታ ቅዳሜ ማታ ገብተው እሑድ እስኪነጋ ድረስ ከአፋቸው የሚወጣው አበባ ነው፤ ጸናጽሉ የሚንሿሿው፣ መቋሚያው የሚወዛወዘው በአበባ ነው። እንዲህ አበባ አስክሯቸው እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ፣ ችግኝ ሻጯ ኑራ ከመንገዱ ማዶ በማንጎ ጥላ ሥር፣ በጥቁር ፕላስቲክ የተተከሉ ችግኞቿን ደርድራ ተቀምጣለች።

«አባ ሼኽ! ና፣ እይ። አዲስ መጣ። ወላሂ፣ እንደዚህ አሶሳ አላየም!»

ኑራ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት፤ በአማርኛዋ ትልቅና ትንሽ፣ ወንድና ሴት የለም፤ ሁሉም «አንተ» ነው። «አባ ሼኽ» ያለቻቸውም ጥምጥማቸውን አይታ ነበር፤ እርሳቸውም ስሙን በሆዳቸው ወደውታል።

አበባው ከውስጥ እንደ እንቁላል አስኳል ብጫ፣ ከዳር ዳሩ እንደ ፍም ቀይ ነው። መሪጌታ መንገዱን መቼ እንደ ተሻገሩ አላወቁም።

«ማየት አልተከለከለም» አሉ።

«ሔዋንም የጀመረችው በማየት ነው» አሉ ወይዘሮ የዝና ከኋላቸው።

«ሔዋን በላች እንጂ አልተከለችም!»

«እርስዎ አዳም ቢሆኑ ኖሮ እባቡ ችግኝ ይዞ ይመጣ ነበር። ይልቅ ይራመዱ!»

«እማማ፣ ለምን ታባርረዋለህ?» አለች ኑራ እየሳቀች። «የሚያምረው የአንተ ቤት ነው።»

ወይዘሮ የዝና ባላቸውን በጃንጥላ ጫፍ እየነኩ እንደ በሬ ነድተው ወሰዷቸው።

መሪጌታ ያን ዕለት ሽሮው ቀርቦላቸው ሳለ እጃቸውን ከእንጀራው ላይ አሳርፈው በአሳብ ሄዱ። ሊቃውንት መጽሐፍን በአንድምታ እንደሚተረጉሙ፣ እርሳቸውም የገዛ ቃላቸውን ይተረጉሙ ነበር። አልገዛም ማለት ገንዘብ አላወጣም ማለት ነው፤ አንድም ለጽጌረዳ ብዬ ገበያ አልወርድም ማለት ነው፤ አንድም በልዋጭ የመጣ እንደ ተገዛ አይቆጠርም። በሦስተኛው አንድም ላይ ፊታቸው በራ፤ ሽሮውንም ጠራርገው በሉ።

በማግስቱ ከሮቶው አጠገብ ካለው ነጭ ጽጌረዳቸው አንዱን ቡቃያ ከነሥሩና ከነአበባው ነቅለው ለኑራ ወሰዱላት። አሸተተችው፤ ዓይኗን ጨፍና ደግማ አሸተተችው።

«ማሻአላህ! ውሰድ፣ አባ ሼኽ፣ ውሰድ!»

መሪጌታ ብጫና ቀዩን ችግኝ ከነፕላስቲኩ በጋቢያቸው ውስጥ አቅፈው፣ በአሶሳ ፀሐይ እየነደዱ ወደ ቤት ገሠገሡ። አሳባቸው በጓሮ ዞሮ መግባት ነበር፤ ነገር ግን የማኅበሩ ሙሴ አቶ ወንድማገኝ ገመድ ይዘው የድንኳኑን ቦታ ሊለኩ መጥተው፣ ከወይዘሮ የዝና ጋር በሩ ላይ ቆመው አገኟቸው።

«በዚህ ሙቀት ጋቢ?» አሉ ወይዘሮ የዝና።

«ብርድ ብርድ አለኝ።»

«ወባ ነው!» አሉ አቶ ወንድማገኝ፣ ግንባራቸውን ዳስሰው። «ይኸው አልቦዎታል። ጤና ጣቢያ እንውሰድዎት፣ መሪጌታ።»

«የለም የለም፤ ያልፋል።»

«እንግዲያስ ልኬቱን በጸሎት እንጀምር። ሰኞ ስለሆነ ስግደት አልተከለከለም።»

በመጀመሪያው ስግደት አንድ እሾህ ከጎናቸው ገባ። «እግዚኦ!» አሉ መሪጌታ ከልባቸው። በሁለተኛው ሁለት እሾህ ገባ፤ «እግዚኦ ተሣሃለነ!» ብለው ጮኹ።

«እንዴት ያለ ተመስጦ ነው!» አሉ አቶ ወንድማገኝ፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ።

በሦስተኛው ፕላስቲኩ ተቀደደ። አፈሩ በጋቢው ሥር ዝርግፍ ብሎ ወረደ፤ መሪጌታም ቀና ሲሉ አበባው ከጢማቸው አጠገብ ብቅ አለ።



«መሪጌታ» አሉ አቶ ወንድማገኝ፣ «አብበዋል።» ይህን ብለው ገመዳቸውን እንደ ታቀፉ መሬት ላይ ቁጭ ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ወይዘሮ የዝና አልሳቁም። «ገዙ?»

«በልዋጭ ነው እንጂ አልገዛሁም።» መሪጌታ ትርጓሜውን ከነአንድምታው ዘረጉት። ወይዘሮ የዝና ሦስተኛው አንድም እስኪያልቅ በትዕግሥት አዳመጡ።

«አንድም» አሉ ከዚያ በኋላ፣ «ጽዋው ወደ አቶ ወንድማገኝ ቤት ይሄዳል።»

የአቶ ወንድማገኝ ሳቅ ቆመ። መሪጌታ አበባውን አዩ፤ ባዶዋን መሬት አዩ፤ እንግዶቹ ጽዋውን ተቀብለው በሌላ ሰው ደጅ ሲመርቁ ታያቸው። ከጎናቸው ያለው እሾህ ያን ያህል አልወጋቸውም።

«እመልሰዋለሁ።»

«ብቻዎን አይሄዱም» አሉ ወይዘሮ የዝና ነጠላቸውን እያጣፉ። «አንድ ሊመልሱ ሄደው ሦስት ይዘው ይመጣሉ።»

ኑራ ችግኙን ሳትከራከር ተቀበለች። ነጩን ግን ቤቷ ተክላዋለችና አልመልስም አለች፤ መሪጌታም መርቀው ተዉላት። ፊታቸውን ወደ ቤት መለሱ፤ ወይዘሮ የዝና ግን ከኋላቸው አልተከተሉም።

«ይኼኛውስ ምንድን ነው?» ሲሉ ተሰሙ። እጃቸው የሚዳስሰው ሐረጉ የረዘመ፣ ትናንሽ ሐምራዊ አበባ በዘለላ የያዘ ችግኝ ነበር።

«ይሄ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። በር ላይ ይወጣል፣ ጣራ ላይ ይወጣል።»

«መሬት አይዝም?»

«አንድ ጉድጓድ፣ ኸላስ፣ በቃ።»

ወይዘሮ የዝና ችግኙን በቀኝ ዞሩት፤ በግራም ዞሩት። «እንግዳ በዚህ ሥር አልፎ ቢገባ…» አሉ ለራሳቸው። ከዚያም ቀና ብለው ተቆጡ። «ምን ያዩኛል? ቃል የገቡት እርስዎ ነዎት፤ እኔ ለማንም ቃል አልገባሁም!»

«እኔ ምን አልሁ?» አሉ መሪጌታ፣ ደስታቸው እንዳያመልጣቸው አፋቸውን በመዳፋቸው ከድነው።

ወይዘሮ የዝና ከመቀነታቸው ፈትተው ከፈሉ። ችግኙን ክርስትና እንደሚነሣ ሕፃን አቅፈው ከፊት ሄዱ፤ መሪጌታ እንዳይነኩት ተከልክለው ከኋላ ተከተሉ። እንዳያዜሙ ግን የከለከላቸው አልነበረም፤ የጽጌውን ዜማ መንገዱ እስኪያልቅ ለቀቁት።

ከግቢው ሲደርሱ አቶ ወንድማገኝ በአራቱ ማዕዘን ችካል መትተው ጨርሰዋል። «ድንኳኑ ልክ ይገባል!» ብለው ጮኹ።

ወይዘሮ የዝና ችግኙን በበሩ ግራ አቆሙት፤ ጥቂት ወደ ኋላ ራቁና አዩት። ቅሬታ በፊታቸው አለፈ።

«መሪጌታ።»

«አቤት።»

«ብቻውን ሲቆም ወላጅ የሞተበት አይመስልም? ለቀኙም አንድ ያስፈልገዋል። ነገ ጠዋት…»

«ነገ ለምን?» አሉ መሪጌታ፣ ጃንጥላውን አንሥተው እያቀበሏቸው። «ኑራ ገና ወደ ቤቷ አልገባችም።»