ኩሽና፣ ሰው የለበትም

የከተሞቻችንን ስፋትና የሕዝብ ብዛት በቃሌ አውቃለሁ። ከአንድ አሮጌ ካላንደር ጀርባ ነው የለቀምኩት። ድሬዳዋንም ሆነ መቀሌን ብትጠይቁኝ በካሬ ኪሎ ሜትር እነግራችኋለሁ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። በዘጠና ዘጠኝ ዓ.ም. ግን የካዛንቺስ ሰፈራችን ሊመዘገብ ሲል «ነገሪ ቁጥር ይወዳል» ተባለና ሜትርና መዝገብ ተሰጠኝ። መቶ አርባ ቤት ለካሁ።

እማማ ወርቅዬ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ስንት ናችሁ?» አልኳቸው፣ እንደማያውቅ ሰው።

«አንድ።»

ከጓሮ ከኩሽናው የልጅ ሳል ተሰማ።

«ድመት ናት» አሉ።

«ብርድ መቷታል» አልኩና አንድ ብዬ ጻፍኩ።

የቀበሌ ቤት ውስጥ ደባል ማስገባት ክልክል ነው፤ ከተደረሰበት ቤቱ ይነጠቃል። ጉሊት ቃሪያና ቲማቲም የምትሸጠው ሀምዲያ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሰባት ዓመት ከሁለት ልጆቿ ጋር እዚያ ኩሽና ውስጥ ትኖራለች። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ለመዝጋቢ ሲሆን ሰፈሩ ሁሉ ይዋሻል። እንደ ዕድር ነው፣ የሚቀር የለም። ኩሽናውን ስለካ የሜትሩን ጫፍ የያዘችልኝ ራሷ ሀምዲያ ናት። ሁለት በሁለት ከሃምሳ። «ኩሽና፣ 5 ካሬ ሜትር፣ ሰው የለበትም» ብዬ ጻፍኩ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ።

ከሰባት ወር በኋላ ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ተባለ። መዝገቡ ላይ ያለ ምትክ ቤት ያገኛል፣ ደባልም ቢሆን። ይህን ቀድሞ የነገረን አልነበረም። እማማ ወርቅዬ ብቻቸውን ናቸው ተብሎ ጎተራ አካባቢ ከሁለት አሮጊቶች ጋር በአንድ ክፍል እንዲዳበሉ ተመደቡ።

ሀምዲያ ቤቴ መጣች።

«ጋሽ ነገሪ፣ በአላህ፣ ይጻፉኝ።»

«መዝገቡ እኮ እኔ ጋ የለም።»

«አፍዎ እርስዎ ጋ አለ አይደል? እሱን ይዘው ይምጡ።»

አርብ ጠዋት ከእማማ ወርቅዬና ከሀምዲያ ጋር ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ከኋላችን ግማሹ ሰፈር ወረቀቱን ይዞ ተሰልፏል። ጠረጴዛው ጋ ተስፋለም የሚባል ልጅ እግር ጸሐፊ ተቀምጧል።

«አራት ነን» አሉ እማማ ወርቅዬ። «ውሸቱ የኔ ነው። ከፈለጋችሁ እኔን ሰርዙኝ።»

«መዝገቡ አንድ ነው የሚለው እማማ። ማነው የጻፈው?»

«እኔ» አልኩ።

«እና ጋሼ፣ ልክ ነው ወይስ ስህተት?» ብዕሩን አነሳ። «ማለቴ፣ ስህተት አለበት ካሉ በቃ መቶ አርባውም ቤት እንደ አዲስ ይጣራል። እስኪጣራ ለማንም ቁልፍ አይሰጥም። ዶዘሩ ግን ማክሰኞ ነው፣ ማጣሪያ አይጠብቅም።»

ሰልፉ ወደ እኛ ተጠጋ። ከኋላዬ የቆመው ልብስ ሰፊው ሐጎስ ነው፤ የስድስት ልጆች አባት። ትንፋሹ ማጅራቴ ላይ ይሰማኛል።

«ጋሽ ነገሪ» አለ ቀስ ብሎ።

«ልክ ነው» አልኩ። «አንድ ናቸው።»

እማማ ወርቅዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሀምዲያ ወደ እኔ ዞረች።

«ድመቷስ ጋሽ ነገሪ?»

«ድመት አንመዘግብም» አለ ተስፋለም። «ቀጣይ!»

ማክሰኞ ዶዘሩ መጣ። የመዝገቡን ኮፒ ይዤ ከፊቱ እንድሄድ አዘዙኝ። የእማማ ወርቅዬ ቤት አንዴ ተገፍቶ ተኛ፤ ኩሽናው ብቻ ቀረ። ሹፌሩ አንገቱን አወጣ።

«ባለ መዝገቡ! እዚህ ውስጥ ሰው አለ?»

ወረቀቱን አየሁ። የገዛ እጅ ጽሑፌ ነው፣ ያምራል። ከውስጥ የልጁ ሳል ተሰማ።

«አለ» አልኩ። «ሦስት።»

«መዝገብ ላይ አሉ?»

«የሉም።»

«ታዲያ ማንን ነው የምጠብቀው?» አለ፤ ቢሆንም ሞተሩን አጠፋ።

ሀምዲያ ፍራሿን ጠቅልላ ወጣች። ልጆቿ አንድ ጀሪካን በሁለት ወገን ይዘው ተከተሏት። በአጠገቤ ሲያልፉ ትንሹ አፉን በእጁ ጥርቅም አድርጎ ይዟል፤ መዝጋቢ ባለበት እንዳይስል ተነግሮታል።

ሹፌሩ በጣቱ እየጠቆመ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለና ሞተሩን አስነሳ።